ሁለት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን ስለተጓዘው ቡናዬ

ጥር 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን የመሬት ልኬታ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከአማችዎ ከአቶ ከፍያለው ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጪጩ ከፍ ብላ ባለችው ቀበሌ የምኖረው ጡረተኛ መምህር፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ እጅግ ደህና ነኝ፤ ቡናዬ ብቻ ባለፈው ኅዳር በባለሙያዎ ከተለካ ወዲህ ወንዝ ውስጥ ይኖራል።

1ኛ. አቶ ለሚን ጂፒኤስ አስይዘው ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። አባቶቻችን ድንበር የሚለዩት በዛፍና በድንጋይ ነበር፤ ዛፍ ይቆረጣል፣ ድንጋይም እግር ያወጣል። ማሳው ራሱ ተነሥቶ ሲሄድ ያየነው ግን በእርስዎ ዘመን ነው። በለጠፋችሁት ካርታ ላይ የኔ ቡና ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ወንዝ ገብቷል፤ የወይዘሮ ብዙነሽ እንሰት አስፋልት ላይ በቅሏል፤ የአቶ ሙሐሲን ቤት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ውስጥ፣ ልክ ፍጹም ቅጣት ምት ከሚመታበት ላይ አርፏል።

2ኛ. ቅሬታ ይዘን ስንመጣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሄርሜላ፣ ጋሼ፣ ሳተላይት እኮ አይዋሽም ብላ በትሕትና መልሳናለች። እውነቷን ነው። የመሣሪያውን መመሪያ ዲላ ካሉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ተውሼ ሳነብ ግን፣ ሳተላይት የማይዋሸው በትክክል ለጠየቀው ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። ካርታው የተሠራበት የልኬት መነሻና መሣሪያው ላይ የተሞላው መነሻ ካልተስማሙ፣ ነጥቡ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይሸሻል። ሁለት ሦስት ጊዜ በጣት ተጭኖ የሚስተካከል ነገር ነው አሉ፤ የሚበላሸውም እንዲሁ።

3ኛ. እዚህ ላይ ነው አእምሮዬ፣ ከእርጅና መሆን አለበት፣ የማይገባውን ማሰብ የጀመረው። በዚያው ቀን፣ በዚያው መሣሪያ፣ ጠዋት የተለካው የአቶ ከፍያለው ማሳ ስንዝር አልተነቃነቀም። ከዚያ አቶ ለሚ እዚያው ቤት ምሳ ተጋበዙ። ከምሳ በኋላ የተለካነው በሙሉ ተሰደድን። እሳቸው ቆጮ በክትፎ መብላታቸውን ሰምቻለሁ፤ መሣሪያው ምን እንደበላ ግን የነገረን የለም።

4ኛ. አቶ ከፍያለው በደቡብ በኩል አዋሳኜ ናቸው። ስለዚህ የሳቸው ማሳ ሲቆምና የኔው ሲሄድ፣ መሀል ላይ «ባለቤት የሌለው» የተባለ መሬት ተፈጠረ። ይህን ወላጅ አልባ ለማሳደግ ማመልከታቸውን ስንሰማ በደግነታቸው ልባችን ተነካ። የይዞታ ደብተር የሚታደለው ጥር 25 ነው፤ ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት የለቀምኩት ቡና የሳቸው ይሆናል፣ እኔም ወንዝ አርሳለሁ።

ልመናዬ ቀላል ነው፦ ከዚያ ቀን በፊት መሣሪያው በፊታችን ተስተካክሎ ድጋሚ እንለካ። ምሳው በኛ።

ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
በአካል ከጪጩ በላይ፣ በካርታ ወንዝ ውስጥ የምገኘው
ይርጉ ባልቻ

ማሳሰቢያ፦ የአቶ ከፍያለው ማመልከቻ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ተለጥፎ አነበብኩት። መሬቱ ባዶ ነውና ይሰጠኝ ብለው የጻፉት ኅዳር 9 ቀን ነው፤ እኛ የተለካነው ኅዳር 12። ከሳተላይት ሦስት ቀን ቀድመው የሚያዩ ሰው በእጅዎ እያሉ፣ መንግሥት ለጂፒኤስ ባይደክም ምናለበት?