እሙሽ በእግረኛ መንገድ ላይ ስለመሳለሟ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የትራፊክ ጉዳይ ሹም
ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ፉርን ኤል ሸባክ፣ ቤይሩት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ ደህና ነው? መብራት በጠፋ ቁጥር ሦስት ፎቅ በእግሩ ለሚወጣ ሰው ጉልበት ትልቅ ጸጋ ነውና እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ስሜ ሩሃማ ነው፤ ባዳሮ አንድ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በአማርኛ የጻፍኩልዎ ለማስቸገር አይደለም። አረብኛውን የተማርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ የማውቀው ቃል ሁሉ አጥቢ፣ ጥረጊ፣ ነይ፣ ቶሎ በይ የሚል ነው፤ በእሱ ብጽፍልዎ ያዘዝኩዎ እንዳይመስል ፈራሁ። በጸሎት አዳራሻችን የሚያስተረጉመው ወንድም ገብረኪዳን ወደ አረብኛ መልሶልኛል፤ ሁለቱም ተያይዘዋል። አማርኛውን ለአገሬ ልጆችም በየስልካቸው ልኬዋለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ጓደኛዬ እሙሽ የጎጃም ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ ጴንጤ ነኝ። እሑድ እሑድ እስከ ዋናው መንገድ አብረን እንሄድና እሷ ወደ ቅዳሴዋ፣ እኔ ወደ አዳራሻችን እንለያያለን። እሙሽ ቤተ ክርስቲያን አይታ ሳትሳለም አታልፍም፤ የማሮናውያን ይሁን የሌላ አትጠይቅም፣ በሩ ላይ መስቀል ካለ ቆማ ዓይኗን ትጨፍንና ሦስት ጊዜ ዝቅ ትላለች። በዚህ ከተማ ደግሞ መስቀል ያለበት በር ብዙ ነው። እኔም «ያላ እሙሽ፣ ነይ እንሂድ፣ ማርያም ነገም አለች» እያልኩ እቀልድባታለሁ። ባለፈው እሑድ ጠዋትም ቀልጄባት፣ አሥር እርምጃ ያህል ቀድሜያት ነበር። ሁለተኛው ላይ ዝቅ ስትል አንድ ሞተረኛ፣ ባለ አንድ አቅጣጫውን መንገድ በተቃራኒው ሲበር መጥቶ መኪና ሲገጥመው፣ ወደ እግረኛው መንገድ ወጣና ጉልበቷን ሰባብሮ ሄደ። ድምፁን ሰምቼ ስዞር ነጠላዋ በሩ ላይ ቀርቷል፣ እሷ ግን ከቆመችበት ርቃ ወድቃለች። ሞተሩ ታርጋ አልነበረውም፤ ነጂውም ወደ ኋላ አልዞረም። እኔ ደግሞ አልጠበቅኋትም ነበር፤ ይህን ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ነው የምጽፈው።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ተነግሮኛል።

፩. ከቦታው የደረሰው ባልደረባዎ በአደጋው መዝገብ ላይ «እግረኛዋ ዓይኗን ጨፍና በሞተሩ መንገድ ላይ ቆማ ነበር» ብሎ ስለጻፈ ትጋቱን አደንቃለሁ። ባለሞተሩ ሸሽቶ ቃሉን መስጠት ባይችል፣ ባልደረባዎ በእሱ ቦታ ሆኖ ሰጥቶለታል። በአገራችን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ግን አህያው እንኳ ስላልተያዘ ማንንም መፍራት አላስፈለገም። የቆመችው ከድንጋዩ ጠርዝ በላይ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ መሆኑን ስነግረው «ያኒ፣ ማለቴ፣ እሱም ማለፍ ነበረበት» አለኝ። በዚህ አጋጣሚ የእግረኛ መንገድ የማን እንደሆነ ስላወቅሁ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ እሙሽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የአስተዳደጓ ነው። እሷ ባደገችበት አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ፣ ተሳልሞ፣ በቅሎውን እየሳበ ነው የሚያልፈው፤ የሚቸኩል ቢሆን፣ ባለሥልጣን ቢሆን ይወርዳል። ስለዚህ የእሙሽ ልብ ከልጅነቷ ጀምሮ «በዚህ በር ላይ ሆኜ የሚረግጠኝ የለም» ብሎ ተማረ። አሥራ አንድ ዓመት ቤይሩት ኖራ ይህን ትምህርት አለመርሳቷ ድንቁርና ነው፤ እንደ እኔ ዓይኗን ገልጣ መጸለይ ነበረባት።

፫. እኔ በዓይኔ ያየሁትን ለመመስከር ቀርቤ፣ ባልደረባዎ «ኢቃማሽን አምጪ» አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ በአሠሪዬ በማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ እንደሚቀመጥ፣ የእኛ ሰው ወረቀት ሁሉ እንዲሁ እንደሆነ ስነግረው በትሕትና ወንበሩን አዙሮ ስልኩን አነሳ። ታርጋ የሌለው ሞተር በሠፈሩ ሁሉ ሲነዳ ወረቀት አልተጠየቀም፤ ወረቀት የተጠየቀችው በእግሯ የመጣችው ነች። አሠራሩ ለእግረኛ የሚሰጠውን ትኩረት ሳላደንቅ አላልፍም።

፬. ለሞተረኞቻችን በአጠቃላይ። ጋዝ ሲሊንደር በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ስልካቸውን ትከሻና ጆሮ መሃል ሰክተው፣ በቀይ መብራት የሚያልፉትን፣ ምሽት ላይ አንዱን ጎማ አንስተው በሽማግሌዎች መሃል የሚጋልቡትን ስላሳደጉልን አመሰግናለሁ። ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ስንሻገር ሁለቱንም ወገን፣ እግረኛ መንገድ ላይ ስንቆም ደግሞ ኋላችንን እንድናይ አስተምረውናል። ጎረቤታችን ያሉት አሮጊት ዳቦ ለመግዛት ከወጡ ሦስት ወር ሆናቸው፤ ዳቦውን አሁን እሑድ እሑድ እኔ ነኝ የማመጣላቸው። ፈሪ ለእናቱ ነው እንላለን፤ እርስዎ ሠፈሩን ሁሉ ለእናቱ አድርገውታል።

አሁን ወደሚያስቸኩለኝ ልምጣ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው እስከ ቅዳሜ ካልተደረገ የእሙሽ ጉልበት ዳግመኛ አይታጠፍም ብሏል። የሠራተኛ ኢንሹራንሷ ሰው ደግሞ ያቺ «ዓይኗን ጨፍና» የምትል መስመር በመዝገቡ ላይ እያለች ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ የቀዶ ጥገናውን ክፍያ አልፈርምም ብሏል። ማዳሟ ቆሞ የማይሠራ ሰው ለምን ይጠቅመኛል ብላ፣ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ላስቀመጥናት ልጅ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሰኞ አገርሽ ትገቢያለሽ» አለቻት። እሙሽ አላለቀሰችም። «በምን ጉልበቴ እሰግዳለሁ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ወለል ተንበርክካ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ ለራሷ ለመንበርከክ ስትጠይቅ መስማት እንዴት እንደሚያቃጥል ልነግርዎ አልችልም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በትሕትና ተናድጃለሁ።

መዝገቡ ዛሬ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ እንደማይታይ ባልደረባዎ ነግሮኛል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን መስመር ሰርዘው በቦታዋ «በእግረኛ መንገድ ላይ ቆማ ሳለች ተገጨች» ብለው ይጻፉልኝ። ሰባት ቃል አይሞላም። ሞተረኛውን ይያዙ አላልኩም፣ መንገዱን ያስተካክሉ አላልኩም፤ ይህን ያህል ደፋር አይደለሁም።

ሞተር በመጣ ቁጥር ፈቀቅ የምል፣ ግድግዳ ታክኬ የምሄድ፣ እስካሁን ሁለት ጉልበት ያለኝ ታዛዥ እግረኛዎ፣

ሩሃማ
ባዳሮ

ኋላ የታከለ፦ ይህችን ቁራጭ ገብረኪዳን ለመተርጎም አልደረሰም፤ አማርኛ የሚያነብልዎ ከቸገረዎ ደረጃዎን የምታጥበውን ልጅ ይጠይቋት። ዛሬ የሥራ ቀን ስለሆነ ከቤት መውጣት አይፈቀድልኝም፤ ገብረኪዳንም ሥራ ላይ ነው። አሁን አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኗል። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ከባቅላው፣ ከሸቀጥ ሱቁ፣ ዕቃ በሞተር የሚያመጣልን ጁነይድ ብቻ ነው፤ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው። መንገዱ በመኪና ተዘግቷል፣ በደንቡ ከሄደ አርባ ደቂቃ ይፈጃል ስለው «በአሥር ደቂቃ እገባለሁ» አለኝ። በየት በኩል ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳቀ። እኔም አልከለከልኩትም። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወረቀቱን በእጁ ሰጥቼ «ያላ ጁነይድ፣ ቶሎ» እለዋለሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት ከደረሰዎ እባክዎ መጀመሪያ መዝገቡን ያስተካክሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ጁነይድ በመንገዱ ላይ ማንን እንደገጨ ጠይቀው ይንገሩኝ።