ሳትጠመቅ ስም የበዛላት ኮከብ

ውድ የሻረግ፣ እንዴት ከርመሻል?

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከዳንግላ በጋሪ ወጣን። እናንተ ዘንድ ባሕር ዛፍ የሚጋርዳት አጥቢያ ኮከብ እዚህ ሜዳው ላይ ወለል ብላ ትታያለች። ካዋስሽኝ መጽሐፍ ያነበብሁትን፣ የጥንት ሮማውያን በውበት አምላካቸው ስም ቬኑስ እንዳሏት አወራሁ። አብራን የተሳፈረችው ነጋዴ ሲቲ፣ «እኛ ሙስሊሞች ዙህራ ነው የምንላት» አለች። ባለጋሪው ሳቀ፤ «እሜቴ፣ ሳትጠመቅ ይህን ሁሉ ስም!»

«ለክርስትናዋ ይደርሳል» እያልሁ ስም ሳላወጣላት የሞተችው ልጄ ታወሰችኝ። ወደ ኮከቧ ቀና ብዬ፣ «እኔ ሸጋ ብያታለሁ» አልሁ።

«ያምርባታል» አለች ሲቲ።

ተመስገን! ስለ መጽሐፉም እግዜር ይስጥልኝ። ቦታ አለቀብኝ፤ ጎረቤቶቻችንን ሳሚልኝ። ማለዳ ስታያት፣ አንቺም ሸጋ ብለሽ ጥሪያት።

አምሳለ