ሠላሳ አራት የነበረው

ሰኞ፣ የካቲት 16፣ 2007። ከሰዓት 9፡20

ትምህርት 4ን ለሦስተኛ ጊዜ በድምፅ ቀዳሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሸ። አንደኛው ላይ የሰንጋ ተራ ክሬን ጮኸ። ሁለተኛው ላይ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ምንጣፍ ማራገፍ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ራሴው አስነጠስኩ። ኮርሱ በኢንተርኔት ይሁን ያለው ዲናችን መጥቶ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይቅዳው እስቲ!

አሥራ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ ለነርስ ተማሪዎች የመድኃኒት መጠን ስሌት አስተምሬያለሁ። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሕፃናት ክፍል ነርስ። አሁን በሃምሳ አንድ ዓመቴ እንደገና አንደኛ ክፍል ገባሁልሽ ደብተሬ። አስተማሪዬ ፍሬሕይወት ናት፣ የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ። ትዕግሥቷ አያልቅም። ሲስተር፣ ማውሱን እንደ መርፌ አይጨብጡት ትለኛለች።

ዛሬ ፓስወርድ አስወጣችኝ። የልደት ቀን አይሆንም፣ ስልክ ቁጥር አይሆንም፣ ማንም የማይገምተው ይሁን አለች። ብዙም አላሰብኩ። የማህሌቴ የክርስትና ስም! ማን ያውቀዋል? ያጠመቋት ቄስ ሌላ ደብር ከሄዱ ቆዩ። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የለም። ልጅቷም ለሰው እንዳትናገር ከትንሽነቷ አስጠንቅቄያታለሁ። እናቴ የክርስትና ስም አደባባይ አይወጣም፣ መተተኛ ይሰማዋል ትል ነበር። ኮምፒውተሩ ቁጥር ጨምሪ ሲለኝ 80 ጨመርኩ፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳችበትን። ስሙን አንቺ ላይ እንኳ አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 18። ከሰዓት 11፡00

እልል በይ! ት/ት 4 አለቀ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ በሩ ሥር ፎጣ ጎስጉሼ። ስሰማው ድምፄ የሌላ ሴትዮ ነው። እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው? ተማሪዎቹ አሥራ አራት ዓመት እንዴት ቻሉኝ!

ምሳ ከአስካለ ጋር በላሁ። አስካለ የኮሌጁ ሬጅስትራር ናት፤ ከዚያ በላይ ግን አበልጄ ናት፣ ማህሌትን ክርስትና ያነሳቻት። ሆስፒታልም አብረን ነበርን፣ እኔ ሕፃናት ክፍል እሷ ካርድ ክፍል። የራሷ ልጅ የላትም። እህቷ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ሃናን አንስታ አሳደገቻት። ሃና ዘንድሮ የኔ ተማሪ ናት። ጨዋ፣ ዓይን አፋር፣ እቤቴ ስትመጣ ሳህን ሳታጥብ የማትሄድ ልጅ።

በኮርሱ ጉራዬን ነፋሁ። ውጤቱን ከኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኳት። በሩን ማህሌቴ ናት የምትጠብቅልኝ፣ ስሟን ሳያውቁ አይገቡም ብዬ ሳቅኩ። አስካለም ሳቀች። ከዚያ የጾም ሽሮዋን በእንጀራ ጠቀለለች።

ዓርብ፣ የካቲት 27። ከሰዓት 10፡15

የመጀመሪያው የኢንተርኔት ፈተና። ቀይ እስክርቢቶ የለ፣ ወረቀት የለ። ማሽኑ ራሱ ያርማል፣ እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ።

ማለፊያው 80 ነው። ማንም ቢለምነኝ ከዚያ አላወርደውም። አርባ አንድ ተማሪዎች፣ አርባ አለፉ። ሃና 34።

መልሷን አየሁት። ስምንት ኪሎ ሕፃን፣ በኪሎ አሥር ሚሊግራም። ሰማንያ ሚሊግራም መሆኑን አውቃለች። መድኃኒቱ በአንድ ሚሊ ውስጥ አርባ አለው። እንግዲህ ሁለት ሚሊ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሃያ ብላ ጻፈች። ሃያ! ያን የሚያህል ሲሪንጅ ስታስብ እንኳ አልደነገጠችም። በሌሎቹ ጥያቄዎችም ያው፣ የአሥርዮሽ ነጥቡን አንድ ቤት ታሻግራለች።

እኔ ይኼን ስህተት አይቼዋለሁ። በወረቀት አይደለም። ሕፃናት ክፍል፣ ሰባተኛ አልጋ። መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም፣ ግን አንዷ የቆየች ነርስ ሲሪንጁን ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ፣ አየሁና ዝም አልኩ። ከኔ በላይ ታውቃለች ብዬ። የሞተው ልጅ እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር የምታለቅሰው፣ ሌሎቹ ሕፃናት እንዳይነቁባት። አስካለ ካርዱን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

ሃናን ጠርቼ በሚቀጥለው ተርም ትደግሚዋለሽ አልኳት። አለቀሰች። እሺ ሲስተር አለች። ለአስካለ መንገር ነበረብኝ። አፈርኩ። በሌላ ደረጃ ወረድኩ፣ ቢሮዋን ላለማለፍ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1። ከሰዓት 11፡40

ልደታ። ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ግቢው ሞልቷል፣ ጧፍ የሚሸጡት እስከ አስፋልቱ ወጥተዋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ብቻዬን።

አስካለ ቀረች። ማህሌት ከተወለደች አሥራ አንድ ዓመት፣ ወር በገባ ቁጥር በአንደኛው ቀን አብረን ነው የምንሳለመው። ዝናብ አያስቀራት፣ ጉንፋን አያስቀራት። ዛሬ ጉልበቴን አመመኝ አለች። ቢሮ ግን ገብታለች፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ወጥታ። በሃና ተቀይማኛለች ማለት ነው። አልፈርድባትም።

ከሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ተጥጄ ዋልኩ። ት/ት 6፣ ጠብታ በደቂቃ። ዓይኔ ቀላ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3። ከሰዓት 10፡30

ደብተሬ፣ ፈርቻለሁ።

ጠዋት ሃና ኮሪደር ላይ አገኘችኝና ትከሻዬን ስማ አመሰገነችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር፣ አላሳፍርዎትም አለች። የምን ምስጋና? ምን ሰጠኋት? ሰው እየሰማን ስለነበር ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

ገብቼ ውጤቱን ከፈትኩ። ሃና 84።

ማን ምን እንደነካ የሚመዘግብ ገጽ አለ፣ ፍሬ አሳይታኛለች። ከፈትኩት። ውጤት ተቀይሯል፣ ከ34 ወደ 84። የቀየረው፦ ሲ/ር የሺእመቤት። እኔ! ቀኑን በፈረንጅ ነው የጻፈው፤ ከግድግዳው ካሌንደር ጋር ሳመሳክረው መጋቢት 1። ሰዓቱ 8፡50።

ማክሰኞ በስምንት ከሃምሳ እዚያው ኮምፒውተር ፊት ነበርኩ። ጠብታ ስቆጥር። እንግዲህ በእጄ ነክቼ ነው? ሦስቱን ስምንት አድርጌ? ምንም አላስታውስም። እናቴ በስልሳ ዓመቷ የጋዝ ምድጃ ለኩሳ ትረሳ ነበር፣ በኋላማ ስሜንም ረሳች። ጀመረኝ እንዴ?

ዲኑ ደግሞ ደረጃ ላይ አግኝቶ ጨበጠኝ። አርባ አንዱም አልፈዋል፣ የሌላ ክፍል መምህራንም ከአንቺ ይማሩ አለኝ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ውጤቱ ለሆስፒታሉ ይላካል። ማክሰኞ ሕፃናት ክፍል ይመደባሉ። አመሰግናለሁ ብዬ ሄድኩ። ወይ እኔ!

ዓርብ፣ መጋቢት 4። ከሰዓት 8፡00

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

አእምሮዬን እያጣሁ ነው ብዬ ለፍሬ ልናዘዝ ሄድኩ። ሳታስጨርሰኝ ሳቀች። ሲስተር፣ ማሽኑ እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው አለች። ስምንት ከሃምሳ ማለት በኛ ከጠዋቱ ሁለት ከሃምሳ ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ከሃምሳ እኔ ልደታ ማርያም ነበርኩ። ቆሜ እጸልይ ነበር!

እሰይ፣ አላበድኩም አልኩ። ደስታዬ ግን ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። እኔ ካልሆንኩ በስሜ የገባ ሰው አለ። ፓስወርዱን የሚያውቅ። ያንን ስም የሚያውቅ። በጣቴ ቆጠርኩ፦ ቄሱ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌ፣ ልጄ፣ እኔ።

አምስተኛዋን ለምን ሳልቆጥራት ቀረሁ? አቅፋ ያነሳቻት ማን ናት? ቄሱ ስሙን ሲሰይሙ ሕፃኗ በማን እጅ ላይ ነበረች? ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እኔ አራስ ነበርኩ፣ እየደከመኝ ቄሱ ያሉትን እንኳ በደንብ አልሰማሁም። ጆሮዬ ላይ ደግማ ሹክ ያለችኝ እሷ ናት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5። ከሰዓት 9፡10

ቤቷ ሄድኩ። እዚሁ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለት ብሎክ አልፎ። ሃና አልነበረችም።

አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ሞክራ አገኘችው፤ መጀመሪያ የማህሌትን የልደት ዓመት፣ ቀጥሎ አሥራ አንድን፣ ከዚያ 80ን። ሃና አታውቅም አለች፣ ሲስተር አዝና አስተካከለችልሽ ብላታለች። እህቷ ስትሞት አደራ ብላት ነው የሞተችው። ልጅቷ ይኼን ተርም ከወደቀች ትምህርቱን ትተዋለች፣ ተስፋ ቆርጣለች፣ ትማር ትማርና ሥራ ላይ ትለምደዋለች አለች።

ሥራ ላይ! በማን ልጅ ነው የምትለምደው?

ሰባተኛ አልጋን ታስታውሺያለሽ እትዬ አልኳት። የእናትየዋ ነጠላ ትዝ ይልሻል? ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያኔ አንቺስ ዝም አላልሽም? አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ዱላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስል በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ማሽኑ የሚለው የሺእመቤት ነው አለች። የኔ ስም የትም የለም። ብትናገሪ ማን ያምንሻል፣ ፓስወርዴን በልጄ ስም ዘጋሁት፣ አበልጄ ገባችበት ብለሽ ለዲኑ ልትነግሪ ነው? ሥራሽን ታጪያለሽ። ስትለኝ አልተቆጣችም፣ እንዳዘነችልኝ ነው። ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ። ማህሌትን ሳሚልኝ አለች።

እሑድ፣ መጋቢት 6። ከሰዓት 7፡30

ማህሌት ከቅዳሴ መልስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የክርስትና እናቷ ጠዋት ስልክ ደውላ አልቅሳለች። ምንም ቢመጣ ልጄ ነሽ ብላታለች። እማዬ፣ ምንድን ነው የሚመጣው?

ምንም አልኳት። ሳህኗ ላይ ወጥ ጨመርኩላት።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልለፈው? ሃና ምናልባት ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ትጠይቅ ይሆናል። ምናልባት አንዷ ነርስ አጠገቧ ቆማ ታይላት ይሆናል። እኔም ያኔ አጠገቧ ቆሜ አየሁ እኮ! ቆሞ ማየት ምን ጠቀመ?

ፋሲካ ሲደርስ ለማህሌት የአበሻ ቀሚስ የምትገዛው አስካለ ናት። ባሌ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ከጎኔ የተኛችው አስካለ ናት። ሌላ ሰው የለኝም። እሷም ታውቃለች፣ ለዚያ ነው ያልፈራችው።

ሰኞ፣ መጋቢት 7። ጠዋት 2፡35

ቢሮ ነኝ። ፍሬን ከሁሉ በፊት ጠራኋት፣ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አዲስ ፓስወርድ አወጣሁ። ማንም ያልተጠራበት፣ ምንም ትርጉም የሌለው፣ ዝም ብሎ ፊደልና ቁጥር። መጀመሪያም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ። የልጄን ስም ማሽን ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፣ ምሳ ላይ ፍንጩን የሰጠሁትም እኔው ነኝ፣ ይኼን በማንም አላላክክም።

ለዲኑ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ። ሰዓቱን፣ ቦታዬን፣ የፓስወርዱን ነገር። የአስካለን ስም ስጽፍ እስክርቢቶው ሁለቴ ቆመብኝ፣ ሦስተኛው ላይ ጻፍኩት። ፍሬ የማክሰኞውን መዝገብ አትማ አያይዛልኛለች። ካመነኝ አመነኝ፣ ካላመነኝ ዕቃዬ ሁለት ካርቶን ነው። ሃናን ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት እቤቴ አምጥቼ ስንት ወር ቢፈጅም ነጥቡን በቦታው ማስቀመጥ አስለምዳታለሁ። እሷ እሺ ካለችኝ። ከዛሬ በኋላ እሺ ትለኝ እንደሆነ አላውቅም።

የአስካለ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። ቀስ እያለች ነው የምትመጣው። ለካ ጉልበቷን እውነትም ያማታል።

ገጹ ተከፍቷል። 84ን አጠፋሁ። 34 ጻፍኩ። አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ።

ማሽኑ መዘገበ። የቀየረው፦ ሲ/ር የሺእመቤት። ሰዓት 8፡50። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፣ ሁለት ከሃምሳ።

ይኼኛው እኔ ነኝ።