አክስቴ ጭንቀቷ ስለቀለላት ይቅርታ እንጠይቃለን

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ባይ ጂንግዩዋን
የጭንቀት መለኪያ መጠይቅ አስተማማኝነት ጥናት መሪ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፉት ሰባት ቀናት እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎና የሆድዎ ነገር እንዴት ሰነበተ? ከ«በጭራሽ አልተቸገርኩም» እስከ «በጣም ብዙ ጊዜ ተቸገርኩ» ካሉት አምስት መልሶች አንዱን በልብዎ አክብበው ያቆዩልኝ። ደብዳቤው ሲያልቅ ደግሜ ስለምጠይቅዎ እንዳይለውጡት አደራ።

እኔ በሉዦ ከተማ፣ በድሮው የክር ፋብሪካ መኖሪያ ግቢ፣ ሕንፃ ሰባት የምኖር፣ ገበያ ውስጥ የሎተስ ሥርና ዱባ እየመዘንኩ የምሸጥ ፋን ሌይ የምባል ወጣት ነኝ። የሙያ ትምህርት ቤቱን በሁለተኛ ዓመቴ የተውኩት እኔና ትምህርት ቤቱ ተስማምተን ስለሆነ፣ በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ ጥፋቱን ለሁለታችን እኩል ያካፍሉን። ያሳደገችኝ አክስቴ ሚያኦ ቹንሺያ ናት። ስሟን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ፤ በግቢያችን በር ላይ በነጭ ወረቀት የተለጠፈው ብቸኛ ስም እሱ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ያ ወረቀት ከቅዳሜ ማታ በፊት እንዲነሳልን ነው። ከዚያ በፊት ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ቀን አመራረጥዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ተማሪዎችዎ መጠይቁንና ለሞላ ሰው የሚታደለውን የዕንቁላል ካርቶን ተሸክመው መጀመሪያ የመጡት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የአክስቴ ልጅ ያንሩ ተፈታኝ ነበረች። በዚያ ሰሞን አክስቴ ሕንፃ ሰባትን እንዴት እንደገዛችው ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል። ስድስቱም ፎቅ የሚራመደው በካልሲ ነበር፤ የአራተኛው ፎቅ አውራ ዶሮ ገጠር ወደሚኖሩ ዘመዶች በግዞት ተልኳል፤ እኔም ከመሸ በኋላ የሽንት ቤት ውሃ እንዳልለቅ ታግጄ ነበር። ሊያስነጥሰኝ አፌን ስከፍት «ዋጠው! ልጅቷ ሂሳብ ላይ ናት!» ትለኛለች። ማታ ማታ ሃያ ስምንት ሴቶች አደባባይ ላይ የሚጨፍሩበትን ባለ ጎማ ድምፅ ማጉያ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር የከተተችውም ሌላ ሰው ሳትሆን የጭፈራው መሪ እሷ ራሷ ናት።

ታዲያ ተማሪዎ «ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ጊዜ ልብዎ በኃይል መታ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አክብባ ጎኑ ላይ «ይሄ አይበቃም፣ ሌላ ሳጥን ጨምሩ» ብላ ጻፈችበት። ከሰማንያ ሰባ ስድስት አመጣች። በቤታችን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገበ ሰው የለም።

ለሁለተኛ ጊዜ የመጣችሁት ፈተናው ካለፈ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ አክስቴ እስከ እኩለ ቀን ሶፋ ላይ ተዘርራ የሐብሐብ ፍሬ ትተፋለች፤ ድምፅ ማጉያው ከአልጋ ሥር ወጥቶ አደባባዩን ያናውጣል፤ ዶሮውም ከግዞት ተመልሶ በጮኸ ቁጥር «ጎሽ የኔ ጌታ፣ ድገመው!» ትለዋለች። ከሰማንያ አምስት አመጣች። አምስቱም በእኔ ምክንያት ናቸው።

ሁለተኛ፦ ስለ ቦታ አመራረጥዎም ሳላመሰግን አላልፍም። ጠረጴዛውን የዘረጋችሁት የግቢው በር ላይ፣ ለዕንቁላሉ ከተሰለፈው ሕዝብ ፊት ለፊት ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ጎረቤቱ በትከሻው ላይ አጮልቆ እያየበት «ተጨንቄያለሁ» ብሎ ከሚጽፍ ሱሪውን ቢያወልቅ ይቀለዋል። ለምሳሌ የሦስተኛው ፎቅ ጋሽ ሼን፣ ጣራው አልጋው ላይ እየፈሰሰበት፣ ሚስቱ ተቆጥታ ልጇ ቤት ከሄደች ሦስት ሳምንት አልፏት፣ የግራ ዓይኑ እንደ ተያዘ ዓሣ እየተንፈራገጠ፣ ሃያውንም ጥያቄ «በጭራሽ» ብሎ ሞላ። ተማሪዎ በትሕትና «እርግጠኛ ነዎት አባቴ?» ቢለው፣ «እኔ? ጭንቀት? ሂድ ወዲያ! ይልቅ ዕንቁላሉን አምጣ፣ የተሰነጠቀ እንዳታስገባብኝ!» አለው። ሌላውም ሰልፈኛ ጋሽ ሼንን አይቶ እንደ ጋሽ ሼን ሞላ። በዚያን ቀን ግቢያችን በምድር ላይ ካሉ ግቢዎች ሁሉ ደስተኛው ነበር።

ሦስተኛ፦ በሁለተኛው ዙር ዋዜማ ምርጥ ተማሪዎችዎ ለነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበራችን ለወይዘሮ ኒ «ሁለተኛውን መልስ ከመጀመሪያው ጋር እናመሳክራለን» ብለው ስላስረዱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወይዘሮ ኒ የክብር ሰሌዳ የማያስገኝ ፈተና አይተው ስለማያውቁ፣ የሚፈተነው መጠይቁ ሳይሆን እኛ ነን ብለው ደመደሙ። ወዲያው በስልክ ቡድናችን ላይ በድምፅ መልእክት እንዲህ አሉ፦ «ውድ ነዋሪዎች! ነገ ተመልሰው ይመጣሉ! ባለፈው ያላችሁትን የምትለውጡ ወዮላችሁ! ማዶ ያለው ግቢ እንዳይስቅብን!»

ያን ቀን ማታ ባልና ሚስት እራት ላይ ሲጠያየቁ አመሹ። «ጥያቄ ዘጠኝ?» «በጭራሽ።» «ጥያቄ አሥር?» «በጭራሽ አልኩሽ፣ ሩዙን አቀብይኝ!» ጋሽ ሼን ግን ማጥናት አላስፈለገውም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሚስቴ አንድ ዓይነት መልስ ስሰጥ ኖሬ፣ ይሄ ያቅተኛል?» ብሎ ገላግሎናል። እኔም አክስቴን «ያለፈውን ድገሚውና ዕንቁላላችንን እንውሰድ» ብላት፣ «ለምን ሲባል? ያኔ አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ። ሐኪም ፊት ቀርቤ ትናንት ትኩሳት ነበረኝና ዛሬም አለኝ ልበል?» ብላ አሳፈረችኝ። እጆቿን እንደ ጭፈራው እያወዛወዘች ሄዳ እውነቱን ሞላች።

በማግስቱ እርስዎ ራስዎ መጥተው በራችን ላይ ቆመው፣ «ከመቶ ዘጠና ሰባት መመሳሰል! በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አስተማማኝ ውጤት አይቼ አላውቅም!» ሲሉ ጉንጭዎ ቀልቶ ነበር። እኛም አጨበጨብን። ጋሽ ሼን እስከ አሁን እያጨበጨበ ነው፣ ዓይኑም አልቆመም።

አራተኛ፦ ይሄኛው ምስጋና ከሌሎቹ ትንሽ ይከብደኛል። ቡድንዎ የአክስቴን ወረቀት «መልሱ የተለዋወጠ» ብሎ ከስሌቱ ካወጣ በኋላ ስሟን ለኮሚቴው በእጅ ሰጠ። ኮሚቴውም መቶ አሥራ ስምንት ስሞችን በቀይ ወረቀት አመስግኖ፣ የእሷን ብቻ ከሥር በነጭ ወረቀት ለጠፈ። ወይዘሮ ኒ በዚያው ቀን «በሁለት ሳምንት ቃሏን የምታጥፍ ሴት ሃያ ስምንት ሰው አትመራም» ብለው ድምፅ ማጉያውን ወስደው ቢሯቸው ውስጥ ቆለፉበት። አሁን የምትመራው የወይዘሮ ኒ ምራት ስትሆን፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞር እሷ ወደ ግራ ትዞራለች። ሁለት ሴቶች ግንባር ለግንባር ተጋጭተዋል። የወረዳው ውድድር ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው።

አክስቴ ይህን ጭፈራ ዘጠኝ ዓመት እርምጃ በእርምጃ የሠራች ሴት ናት። አሁን ሙዚቃው ከታች ሲጀምር መጋረጃውን ትዘጋና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ቃሪያ ትቀነጥሳለች። ጠረጴዛ ሥር እግሯ ብቻውን መራመድ ይጀምራል፤ በሌላው እግሯ ረግጣ ትይዘዋለች። ዛሬ መጠይቁን ብትሰጧት ስንት እንደምታመጣ እኔ አውቃለሁ። ይህንን ግን ፈተናው አላመጣባትም። መለኪያችሁ ነው ያመጣባት።

ክቡር ፕሮፌሰር፣ እኔ ስለ ሳይንስ የማውቀው የገበያ ሚዛን ያህል ነው። አንድ ከረጢት ዱባ ጭኜበት ሃያ ኪሎ ካለ፣ ከረጢቱን አውርጄም ያው ሃያ ኪሎ ካለ፣ እኛ ዘንድ «አስተማማኝ» ብሎ የሚያጨበጭብለት የለም፤ ደንበኛው አንስቶ በዚያው ሚዛን ይመታናል። ወረቀታችሁ የሚጠይቀው ስለ ሰባት ቀን ብቻ ነው። የአክስቴ ሰባት ቀናት ተለወጡ፣ እሷም የተለወጠውን ነገረቻችሁ። ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው መሐል መርፌው የተንቀሳቀሰው እሷ ላይ ብቻ ነው፤ እናንተም መርፌው የሠራበትን ሰው ጣላችሁ። ሰው ሁሉ ውጤቷን የሚጠብቅላት ተፈታኝ ያንሩ ብቻ መስላኝ ነበር፤ ለካ እርስዎም ተፈታኝ ነበሩ።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው፣ ነጩ ወረቀት ከቅዳሜ ማታ በፊት እንዲነሳ፣ ድምፅ ማጉያው ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ የአክስቴም መልስ ከነ«ሳጥን ጨምሩ» ማስታወሻው ወደ ስሌቱ እንዲገባ ነው። ለወይዘሮ ኒም የተፈተነው መጠይቁ እንጂ እኛ እንዳልሆንን በእርስዎ አንደበት ቢነገራቸው እወዳለሁ፤ እኔ ብናገር አያምኑኝም።

እስከዚያው፣ በትዕዛዝ ደስተኛ ከሆነው ግቢ፣ ከሕንፃ ሰባት አምስተኛ ፎቅ፣ የሽንት ቤት ውሃ የመልቀቅ ነፃነቱ በቅርቡ የተመለሰለት፣ ለእርስዎ ያለውን አክብሮት በሁለቱም ዙር ያልለወጠ፣ የእርስዎ ታዛዥ

ፋን ሌይ

አሁን ደግሜ ልጠይቅዎ፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ሆድዎ እንዴት ሰነበተ? መልስዎ ያው ነው?

ማስታወሻ፦ መልስዎ ያው ከሆነ ይህን ያንብቡልኝ። በሁለቱም ዙር መነጽራቸውን ቤት ረስተው «ልጄ አንተ ሙላልኝ» ያሉኝ አሥራ አራት አዛውንቶች ነበሩ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩም ከባድ ስለነበር ሳልጠይቃቸው ሁሉንም «በጭራሽ» ብዬ ሞላሁ፣ በሁለተኛውም ዙር እንደዚያው። እጄ ስለለመደ በሁለቱም ዙር አንድ አንድ ትርፍ ወረቀት ሞላሁ። ቀዩ ወረቀት ላይ በስልሳ አንደኛ ተራ የተመሰገነው ታንግ ላይፉ፣ ሥራው ጥበቃ፣ ዕድሜው አርባ ዘጠኝ፣ እንቅልፉ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት የሆነው፣ የዘበኛው የአቶ ታንግ ውሻ ነው። ዕድሜውን ለአዋቂዎች ጥናት እንዲበቃ በሰው አቆጣጠር ቀይሬለታለሁ፤ ዕንቁላሉን ከነቅርፊቱ ተረክቧል። ድምፅ ማጉያው እስከ ቅዳሜ ማታ ከተመለሰ ነገሩ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቀራል። ካልተመለሰ ግን በመጪው ማክሰኞ አዳራሽ ውስጥ የጥናትዎን ውጤት ለሕዝብ ሲያቀርቡ ስልሳ አንደኛውን ተሳታፊ ይዤልዎት እመጣለሁ። ደግመው ይጠይቁት፤ መልሱን እንደማይለውጥ እኔ ዋስ ነኝ።