ረሳሁት ያልኩሽ ስም

ውድ ኤልሳቤጥ፣

የእስከዳርን መርዶ የነገሩኝ ሐሙስ በማለዳ ነው። አንሶላ ወደማጥብበት ወደ ቡይት ራስ ሎጅ የምትወስደኝ መኪና እንዳታመልጠኝ ነጠላዬን እያጣፋሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ወንድሜ ደምለው ቆሟል። ከኋላው የነፍስ አባታችን አባ ይግዛው፣ ከእሳቸው ኋላ ጎረቤቶቼ። ደምለው የሚኖረው ዳባት ነው። በዚያ ሰዓት ከዳባት ተነሥቶ ደባርቅ ምን አመጣው?

"ማን ነው?" አልኩት። እጄን ያዘኝ።

"ልጄ ናት?" አልኩት። አባ ይግዛው መስቀላቸውን አወጡ።

ለደምለው የደወልሽለት አንቺ መሆንሽን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። የሞተችው ረቡዕ በቀትር ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኔ በስልኳ ደውዬ ነበር፤ ያነሣሽውም አንቺ ነሽ። "ተኝታለች እምዬ፤ ስትነቃ ትደውልልዎታለች" አልሽኝ። እኔም "ተያት፣ ትተኛ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ እስከ ሐሙስ ማለዳ አንቺ ልጄ መሞቷን እያወቅሽ ታለቅሻለሽ፤ እኔ የሎጁን አንሶላ አጣጥፌ፣ እራቴን በልቼ፣ ተኝቼ አድራለሁ። ሞቷን እንኳ ከኔ በፊት ወሰደችው ብዬ ስንት ቀን ቀናሁብሽ።

ባለፈው ወር ደውለሽ ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ። በምረቃ መጽሔታችሁ ላይ ለእስከዳር አንድ ገጽ ትታችሁላታል፤ እናቷ ትጻፍበት ተባብላችኋል። ሌላው የክርስትና ስሟ ነው፤ ከምረቃው በፊት በግቢያችሁ አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ልታስደርጉላት። ገጹን እሺ አልኩሽ። ስሙን ግን ዝም ብዬ አለፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የነፈግኩሽ ስም ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ሳሙና እንጂ ብዕር አልለመደም። ይህን ስጽፍ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ታገሺኝ።

ለቀብሯ አልመጣሽም። አንድ ክፍል ስለምትተኙ ሐኪሞቹ ለምርመራ አስቀርተውሽ ነበር። የመጣሽው ለአርባዋ ነው። ገና ከደጅ ሳለሽ "እምዬ" ብለሽ ተጠመጠምሽብኝ። እምዬ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከማን ተማረችው ብዬ ደሜ ፈላ። ከዚያ የእስከዳርን ሻንጣ ከፍተሽ ነጩን ጋዎኗን ሰጠሽኝ። ፊቴን ቀበርኩበት፤ የበረኪና ሽታ ብቻ ነው ያገኘሁት።

"አጥቤ አመጣሁልዎ" አልሽኝ።

አንቺ ይህን አታውቂም፤ ያን ጊዜ ልመታሽ እጄ ተነሥቶ ነበር። የሰው አንሶላ አጥቤ ነው ያሳደግኳት። ማጠብ የኔ ሥራ ነው። የልጄን የመጨረሻ ልብስ አጥባ፣ ጠረኗን ከውኃው ጋር ደፍታ፣ ደርቆና ተጣጥፎ እንደ እንግዳ አንሶላ ትሰጠኛለች! ሳጥን ውስጥ ወርውሬው ቆለፍኩበት።

ሰው ሁሉ በልቶ ሲሄድ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስለ ልጄ ነገርሽኝ። እኔ የማውቀው "ደህና ነኝ እምዬ፣ እያጠናሁ ነው" የምትለዋን ነበር። አንቺ የምታውቂያት ሌላ ሰው ናት።

የፋሲካውን ታሪክ ስነግርሽ ያለቀስሽው ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም ነበር። እስከዳር ለፋሲካ ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሕመሙን ይዞ ይመጣ ነበር። ጎረቤታችን አያ ገዱ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ "ዶክተር፣ እስቲ ይህን ጉልበቴን እዪልኝ" አሏት።

"አያ ገዱ፣ ገና ጉልበት አልደረስንም። አሁን ያለነው ክንድ ላይ ነው።"

"በይ እንግዲህ፣ ክንዴን እስኪያመኝ እጠብቃለሁ!"

በዓመቱ ፋሲካ ደግሞ መጡ። "አሁንሳ ጉልበት ደረሳችሁ?"

"ክንድ ላይ ነን አያ ገዱ።"

"አሁንም? ምን ያለ ሰው ነው፣ ክንዱ ዓመት ተሄዶበት የማያልቅ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ከሁላችንም አብልጣ ሳቀች። ወድቃ ዓመቱን እየደገመችው እንደነበር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የወደቀችበትንም ነገርሽኝ። በአስከሬኑ ክፍል መጀመሪያ የቀረበላችሁ የአንዲት ሴት ክንድ ነበር፤ መዳፏ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሯ ያለቀ። እስከዳር ምላጩን ይዛ ቆማ ቀረች። "የእምዬን እጅ ይመስላል" አለችሽና ወጥታ ሄደች፤ ለብዙ ሳምንት ወደዚያ ክፍል አልገባ አለች። እዚህ አንደኛ እየወጣች ያደገች ልጅ፣ እዚያ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲሮጥ ሳትደርስበት፣ በሽተኛ ፊት "ሐኪም ትሆኛለሽ ያለሽ ማነው?" ስትባል፣ በሆስፒታሉ ተረኛ ሆና ሁለት ቀን በእግሯ ቆማ አድራ ከግድግዳ ጋር ስትላተም፣ ያየሽው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ እጇ ላይ ስትሞት መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታለቅስ በሩ ላይ የጠበቅሻት አንቺ ነሽ።

ይህን ሁሉ የነገርሽኝ እንድጽናና ብለሽ ነበር። እኔ ግን በእያንዳንዱ ቃልሽ ቀናሁ። ለምን በሩ ላይ የቆምኩት እኔ አልሆንኩም? እንባዋ ለምን ለአንቺ ሆነ፣ ሳቋ ለእኔ?

ስለገደላት ሳል ስትነግሪኝ ጮህኩብሽ። ቲቢ መሆኑን ከመጽሐፏ አውቃው ነበር አልሽኝ። "ከተመረመርኩ ያስተኙኛል፤ ሌላ ዓመት ይሄድብኛል። ፈተናውን ልጨርስ" ትልሽ ነበር።

"አንቺስ? እጇን ጎትተሽ አትወስጃትም ነበር? ለኔ አትደውይም ነበር?" አልኩሽ።

"አስምላኝ ነበር እምዬ" አልሽኝ። "'ለእናቴ ከነገርሽ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም' ብላኝ ነበር።"

ለምን ከእኔ እንደሸሸገች ያን ቀን አንቺ አልነገርሽኝም። ሳታውቂው ቀርተሽ አይመስለኝም፤ አዝነሽልኝ ነው። እኔው ልንገርሽ። አንድ ቀን ደውላ "እምዬ፣ ብተወውስ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ትምህርቱን።"

እኔ ሳቅሁ። "ገበያ ብወጣ 'የዶክተሯ እናት' ነው የሚሉኝ። ምን ብዬ ልወጣ ነው?" አልኳት።

"ቀልዴን ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ደህና ነኝ ብቻ ሆነች። ለአንቺ የሄደው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ወደኔ መጥቶ ነበር፤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁም ቀናሁብሽ። ቅናት ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ የሚሻለው ነገር አይደለም።

ከመሄድሽ በፊት ስሙን ጠየቅሽኝ። "በእኛም ሰፈር ቅዳሴ ላይ እንዲጠራላት ነው" አልሽ። ከዚያ ፈገግ ብለሽ፣ "እሷን ስንቴ ጠይቄያታለሁ መሰለዎት። 'እምዬ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች' እያለች እምቢ ትለኝ ነበር" አልሽኝ።

እውነት ነው፤ መኪና ላይ ላሳፍራት ስል እንዲያ ብያት ነበር። "ዶክተር ልትሆን የምትሄድ ልጅ ዓይን ይበዛባታል። ክፉ ሰው የክርስትና ስምሽን ይዞ ያስደግምብሻል፤ ከነፍስ አባትሽ በቀር ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት። ሆዷን፣ ሕመሟን፣ ውድቀቷን ለአንቺ ሰጥታ ያን ስም ብቻ አስቀርታልኛለች። የክርስትና እናቷ ከሞተች ወዲህ በዓለም ላይ ከእኔና ከአባ ይግዛው በቀር የሚያውቀው የለም። ይህን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብጽፈው አፍራለሁ። ይህችንስ አልሰጥሽም አልኩ በሆዴ።

"ረሳሁት" አልኩሽ።

ልጇን ክርስትና ያስነሣች እናት ስሟን ትረሳለች? አየሽኝ። "እሺ እምዬ" ብለሽ ጫማሽን አጠለቅሽ።

ባለፈው ሳምንት፣ ይህን ገጽ ልጀምር ስል ቃል ቢጠፋኝ፣ ሳጥኑን ከፍቼ ጋዎኑን አወጣሁ። በሎጁ አንሶላ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ ፀሐይ ዘርግተን እናየዋለን፤ እድፍ ካለ ያኔ ይታያል። እጄ ስለለመደ ጋዎኑንም ደጅ ወስጄ በፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ከደረቱ እስከ ኪሱ፣ የሻይ ቅራሪ የፈሰሰበት የመሰለ ጥላ አለ። የኪሱን ስፌት ገልበጥ ባደርገው ክሩ ቡናማ ነው።

ኤልሳቤጥ፣ እኔ ይህን እድፍ አውቀዋለሁ። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀው። ሙቅ ውኃ ካገኘው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በረኪና ብትደፊበት ያደበዝዘዋል እንጂ አያወጣውም። ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። አንቺን ማን ያስተምርሽ? በደረቱ በኩል ጨርቁ ሳስቶ ጣቴ ያሳያል። ስንት ጊዜ ፈትገሽዋል? ሳፋውን ታቅፈሽ፣ ውኃ እያፈላሽ፣ አልለቅ ሲልሽ ደግመሽ እያፈላሽ፣ እናቷ እንዳታይ ብለሽ ለብቻሽ ስትታገይ ታየኝ። እኔ ጠረኗን ወሰደችብኝ እላለሁ፤ አንቺ ከሳሏ ጋር የወጣውን ደም ከዓይኔ ልትከለክይልኝ ነበር። "ተኝታለች" ያልሽኝም ለዚያው ነው፤ ብቻዬን ቤት ውስጥ ሆኜ መርዶ እንዳልሰማ። ሁለታችንም ዋሽተናል። የአንቺ ውሸት ለእኔ ነበር፤ የእኔም ለእኔው።

ጋዎኑን መልሼ አላጠብኩትም። እንዳደረግሽው ይቀመጣል።

አሁንም እቀናለሁ፤ በምረቃ መጽሔታችሁ ለምታነቡት ገጽ ሐሰት አልጽፍም። በምረቃሽ ቀን እናትሽ አበባ ይዛ ስትስምሽ እዚህ ደባርቅ ሆኜ እቀናለሁ። አንቺ ስታረጂ እስከዳር ሃያ አራት ዓመቷ ላይ ትቀራለችና በሽበትሽም እቀና ይሆናል። ስሙን ግን ከእንግዲህ ብቻዬን አልይዘውም። እንዲሁ ብይዘው የሚጠራት አፍ የእኔና የአባ ይግዛው ብቻ ነው፤ ሁለታችንም አርጅተናል።

ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። በሰማንያ ቀኗ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ አባ ይግዛው አወጡላት። ውኃው ሲነካት አላለቀሰችም፤ አነጠሰች።

እናንተም ይህን ገጽ የምታነቡ፣ ነጭ ጋዎን የለበሳችሁ የልጄ ጓደኞች፣ ከእናንተ መካከል ዛሬ ማታ ለእናቱ ደውሎ ደህና ነኝ የሚል ካለ፣ ደህና ካልሆነ ደህና አይደለሁም ይበላት። ብትስቅበትም ደግሞ ይንገራት። ለልጄ ደግሞ አንድ ነገር ለምኑልኝ። በየቤተ ክርስቲያናችሁ ስትቆሙ፣ ሃይማኖታችሁ ሌላ የሆናችሁም በምታውቁት ቃል፣ ስሟን ጥሩልኝ። ወለተ ሥላሴ በሉ። አምላክ ያቺን የደከመች ነፍስ ፈተና በሌለበት ቦታ ያኑራት በሉልኝ።

የወለተ ሥላሴ እናት፣
በለጠች
ደባርቅ