የሚያድገው ወንበር ሠሪ፣ የጋሽ ሜትር የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ሜትር ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ዞረው እንኳ ስለማያዩ እኛም በለመዱት እንጥራቸው። ስሙ የወጣላቸው ገና በልጅነታቸው ነው። የእናታቸውን የስፌት ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ተንበርክከው ከወለል እስከ ጉልበቱ ይለኩ ነበር። እንግዳው ሲደነግጥ አባታቸው ይስቃሉ፤ እናታቸው ደግሞ ሜትራቸውን ፍለጋ ቤቱን ያተራምሳሉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨትም የኤሌክትሪክም ሥራ ተማሩ። አንዱን ምረጥ ቢባሉ፣ ወንበርና መብራት ባልና ሚስት ናቸው፣ እኔ አላፋታም ብለው ሁለቱንም ይዘው ወጡ። በ1966 ዓ.ም. በወፍጮ ቤትና በጎማ ጠጋኝ መካከል የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። ተጣጥፎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የምግብ ጠረጴዛ፣ ሆዱ በሙሉ መሳቢያ የሆነ አልጋ፣ አምፖሉ ሳይታይ ብርሃኑ ጣሪያ ነክቶ ለስለስ ብሎ የሚወርድ መብራት ከዚያች ጠባብ ቤት ወጡ። ትእዛዝ ሲቀበሉ መጀመሪያ ደንበኛው ቤት ሄደው ይቀመጣሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መስኮት እንደሚወድ ያያሉ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ጉልበት ይለካሉ። ሰው ለዕቃ አይሰፋም፣ ዕቃ ነው ለሰው የሚሰፋው ይሉ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ነርስ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በሠርጉ ዕለት የአማታቸውን ጉልበት ለክተው ሴትዮዋን አስቀይመዋቸው ነበር። ወንበሩ ተሠርቶ ሲመጣ ግን አማትየው ከላዩ አልነሳም አሉ፤ እስኪሞቱም ሌላ ሰው አላስቀመጡበትም።

በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ሚጡ ተወለደች። ሚጡ ጨለማ ትፈራ ነበር። ትምህርት ስትጀምር ጋሽ ሜትር ስማቸውን ያስጠራውን ወንበር ሠሩላት። ልጅ ባደገ ቁጥር ከአራቱም እግሮቹ ሥር የእንጨት ቀለበት ይጠመዝዙበታል፤ ወንበሩም አብሮ ከፍ ይላል። ከመደገፊያው ላይ መብራት ተነስቷል፤ ከመቀመጫው ሥር ሞላ አለ። ሲቀመጡበት ይበራል፣ ሲነሱ ይጠፋል። ያን ቀን ሚጡ ስትቀመጥ ስትነሳ፣ እራት እንኳ ሳይበላ ቀረ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ስንቶቻችሁ ፊደል የቆጠራችሁት በዚያ ዓይነት ወንበር ላይ እንደሆነ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

ሚጡ በ1977 ዓ.ም. በትኩሳት ታማ ከሆስፒታል ሳትመለስ ቀረች። ወንበሯ ከመስኮቱ ሥር እንዳለ ተቀመጠ። ባለቤታቸው አቧራውን ሲወለውሉ መብራቱ እንዳይበራ ጨርቁን ጫን ሳያደርጉ በጣታቸው ጫፍ ነበር። ጋሽ ሜትር ደግሞ በልደቷ ቀን አምፖሉን በአዲስ ይተኩ ነበር፤ አሮጌው አንድም ቀን ሳይበራ። በአንድ የክረምት ምሽት ግን ከሥራ ሲገቡ መብራቱ በርቶ፣ ወንበሩም ባዶውን ሆኖ አገኙት። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። አልገቡም፣ አልጮኹም፤ ልጅ የሚያጠና ይመስል ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። በማግስቱ ባለቤታቸው የጠሩት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ሞላውን ተጭኖት ነው አለና ሊፈታው ሲል፣ እጁን ይዘው ከበሩ አደረሱት። ሞላው ከዚያ በኋላ አልተነካም።

ሁለተኛዋ ልጃቸው በ1979 ዓ.ም. ተወለደች። ትንሿ ተባለች፤ ስሙም እንደዚያው ጸና። ሰባት ዓመት ሲሞላት ጉልበቷ ከእህቷ ወንበር ጋር ተስተካከለ፤ እናቷም፣ በቃ አሁን ልጅቷ ትቀመጥበት አሉ። ጋሽ ሜትር የትንሿን ጉልበት ለኩ። ወደ ሥራ ቤት ሄደው አራት ቀለበት ይዘው ተመለሱና ወንበሩን ከፍ አደረጉት። ሚጡ ታላቅ ናት፣ በአንድ ጣት ትበልጣለች አሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ትንሿን ይለካሉ፣ የሚጡን ወንበር ያሳድጋሉ። ለሰፈሩ ሁሉ ልኩን የሰጡት ሰው የገዛ ልጃቸው ከሱቅ የተገዛ ዱካ ላይ ተቀምጣ አደገች። ቤተሰብ ሁሉ ያየዋል፣ ግን ማን ደፍሮ ይናገር! እናትየው ብቻ ጓዳ ገብተው ያለቅሱ ነበር።

ትንሿ ቁመቷ ሲያበቃ ወንበሩም ማደግ አቆመ፤ ያቺ አንድ ጣት ግን እንዳለች ቀረች። ትንሿ የአባቷን ሙያ ተምራ አብራቸው ሠራች፤ ዓይናቸው ሲደክም ሥራ ቤቱን ተረከበች። ስለ ወንበሩ የጠየቀችው በሕይወቷ አንዴ ብቻ፣ በተመረቀች ዕለት ነው።

«አባዬ፣ ለእኔስ መቼ ነው የምትለካልኝ?»

«ስለካ የኖርኩት አንቺን አይደል?» አሉ፤ ግራ የገባቸውም ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቃቸው አታውቅም።

ጋሽ ሜትር በ2014 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ ኋላም ዓመታቱ ተደባለቁባቸው። ባለቤታቸውና ትንሿ እንደ ሕፃን ተንከባክበው አስታመሟቸው። በመጨረሻው ምሽት፣ ጨለማው ገና ዓይን ለዓይን መያየት ሳይከለክል፣ ወንበሩን ወደ አልጋቸው እንዲያስጠጉላቸው በእጃቸው አሳዩ። ትንሿ አምጥታ አቆመችው። ተቀመጪ እንደማለት መቀመጫውን መታ መታ አደረጉት። እናቷን አየች፤ እናቷ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ተቀመጠች። መብራቱ በራ፤ ጋሽ ሜትርም ፊቷን አዩት።

«ሚጡ፣ እግርሽ መሬት ደረሰልሽ?»

ተረከዟ አልደረሰም ነበር። አንድ ጣት ይቀረዋል። ትንሿ የእግሯን ጣቶች ወደ ታች ዘርግታ ወለሉን ነካችና «ደረሰ፣ አባዬ» አለች።

ፈገግ አሉ፤ የመጨረሻ ቃላቸውም ይኸው ሆነ። መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትንሿ ከወንበሩ ብትነሳም መብራቱ አልጠፋም። ጋሽ ሜትር ያሠለጠኑት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቶት፣ ሞላው ዝጎ ተጣብቋል አለ። ሶኬቱን ሊነቅል እጁን ሰደደ፤ ባለቤታቸውን ቀና ብሎ ሲያይ ተወው። ይህ ጽሑፍ ሲጻፍ እንደበራ ነው።

ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ትንሿ ተንበርክካ ከወንበሩ እግሮች የመጨረሻዎቹን አራት ቀለበቶች ፈታች። አባቷ የሚቀበሩበት ኮት ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ሚጡ ዘንድ ሲደርሱ ለወንበሯ እንዲያደርጉላት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ተረከዟ ወለሉን ነካ። እዚያው ላይ ሆና ጮኻ አለቀሰች፤ ማንም ተይ አላላትም።

ጋሽ ሜትር ባለቤታቸውንና አንዲት ልጃቸውን ትተው ወደ አንዲት ልጃቸው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ጨለማ በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም በልካቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።