ስለ ታፋ ድርሰትና ስለ ድርቤ መመለስ

ነቀምቴ፣ ግንቦት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

እንደ አባት ለማይዎት ታላቅ ወንድሜ፣

አካም ጅርቱ? ልጆቹ፣ ከብቱ ደህና ናቸው? ዝናቡስ እዚያ አርጆ ገባ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እኔን ብቻ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የምጽፍልዎት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ስለ ልጄ ስለ ታፋ፣ ሁለተኛ ስለ ልጅዎ ስለ ድርቤ፣ ሦስተኛ እርስዎ ስለሚያደርጉልኝ ነገር።

ድርቤን «አንተ ቤት ሆና ትማር» ብለው ሲልኳት እንደ ልጄ ነው የተቀበልኳት። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ከቢሮ ስመለስ እንግሊዝኛቸውን የማስጠናቸው እኔው ነኝ፤ አንብቡ እላለሁ፣ ያነባሉ፤ ጻፉ እላለሁ፣ ይጽፋሉ። የታፋ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል ድርቤ እንድትገለብጥለት አዝዤ ነበር። የእሱን ሳትጨርስ የራሷን እንዳትጀምርም ብያለሁ፤ ቤቱ የማን ሆነና! አንዳንዴ የሷ ሳይሠራ ይመሻል። ምን ይደረግ።

ባለፈው ሳምንት መምህራቸው ገብረክርስቶስ «አባቴ» የሚል ድርሰት አዘዘ። ታፋ ክፍል ውስጥ ቆሞ የራሱን አነበበ። የድርሰቱ አባት አርጆ ላይ ያርሳል፤ ዳለቻ የሚባል በሬ አለው፤ በሬው ሲደክመው አይገርፈውም፣ ይዘፍንለታል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «ታፋ፣ አባትህ በከረባት ነው እንዴ የሚያርሰው?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «በሬውን ቢሮ ውስጥ ነው የሚያስረው!» አለ። ልጄ እያለቀሰ መጣ።

ድርቤን ጠርቼ ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ ስለ አባት ጻፊለት አሉኝ እንጂ ስለ የትኛው አባት አላሉኝም። እኔ የማውቀው አንድ አባት ነው» አለችኝ። ይሄ አፍ ከየት መጣ? በርበሬ አጠንኳት። ለልጅ የሚደረግ ነው፤ በእኛም ተደርጎብናል።

እሁድ መምህሩ ቤቴ ድረስ መጣ። አዲስ አበባ ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት ለአንድ ተማሪ ቦታ ተገኝቷልና ድርቤ ትሂድ አለ። የታፋን ድርሰት ማን እንደጻፈው ከመጀመሪያው መስመር አውቄዋለሁ ብሎም ጨመረበት፣ በገዛ ቤቴ! እኔም አባቷ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ውስጥ ለባል ሰጥቷታል፣ ሽማግሌ ጨርሷል፣ ልትመለስ ነው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቦታው መቼም ባዶ አይቀርም። ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ከሆነ የሚወስዱት ወንዱ ቢሄድ ለሁላችንም ይበጃል፤ እርስዎም ያውቁታል።

ባለቤቴ የሺአረግ «እሷ ከሄደች የታፋን የቤት ሥራ ማን ሊሠራለት ነው?» አለችኝ። እኔ አለሁ አልኳት። ስቃ ወጣች።

እንግዲህ ከእርስዎ የምፈልገው፦

ሀ. መምህሩ ቢጽፍልዎት «አዎ፣ ታጭታለች» ይበሉ።

ለ. ዐምና የመለሱትን፣ ሚስቱ የሞተችበትን የኑኑ ቁምባ ነጋዴ እሺ ይበሉት። ያኔ «ልጄ ገና ናት» ብለውት ነበር። አሁን ደርሳለች።

ሐ. ወደ ነቀምቴ እንዳትመለስ። መጻሕፍቷን እኔ ጋ አስቀርቻለሁ፤ ታፋ ይጠቀምባቸዋል።

ዛሬ በጭነት መኪና አሳፍሬ ልኬያታለሁ። ይህን ደብዳቤም የያዘችው ራሷ ናት። እርስዎ ፊደል ስለማይለዩ፣ ሰፈሩ ውስጥም ሌላ አንባቢ ስለሌለ፣ እሷው በኦሮምኛ እየተረጎመች ታነብልዎታለች። አንድ ቃል እንዳትዘል በመጽሐፍ ቅዱስ አስምያታለሁ። እያነበበች ድምፅዋ ቢቆራረጥ የመንገድ አቧራ ነው፤ ውሃ ይስጧትና ያስጨርሷት።

ጌታ ቤትዎን ይባርክ፣ ዝናቡንም በልኩ ያዝንብልዎት። ደግ ደጉን ያሰማን።

የሚወድዎት ታናሽ ወንድምዎ